ሙሉ ብር ወይስ ብር ቅብ? የፈረንሳይ ሹካና ማንኪያ መግዛት ላሰባችሁ

ከፋይ በለበሰ ሳጥን ውስጥ አሥራ ሁለት ሹካና አሥራ ሁለት ማንኪያ ተደርድሮ ሲታይ የማያምር የለም። ፓሪስ ጫፍ ላይ ያለውን የሴንት ኡዋን የአሮጌ ዕቃ ገበያ የዞረ ሰው ያውቀዋል። ሁለት ሳጥን ጎን ለጎን ተቀምጧል። ጌጡ ያው ነው፣ ዋጋው ግን አይገናኝም። ለምን? ሹካውን ገልብጡት።

ጀርባው ላይ የራስ ቁር ያደረገች የሴት ፊት ካለች፣ እሷ ሚኔርቫ ናት። ከ1838 ጀምሮ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በፈረንሳይ ሙሉ ብር ላይ የምትመታ የመንግሥት ማህተም ነች። በጣም ትንሽ ስለሆነች የስልካችሁን ካሜራ ዙም አድርጉ። በአሮጌ ዕቃ ላይ አጠገቧ 1 ቁጥር ካለ ከ1000 እጁ 950 ብር ነው ማለት ነው፤ 2 ከሆነ 800። አያቶቻችን ሲቆጥሩት የኖሩት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር 833 ነበር። እንግዲህ ባለ 1 ቁጥሩ ከጠገራው ይበልጣል፣ ባለ 2 ቁጥሩ ግን ያንሳል።

ሚኔርቫ ከሌለችና በምትኩ 84 የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ብር ቅብ ነው። 84 የጥራት መጠን አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። አሥራ ሁለት ሹካና አሥራ ሁለት ማንኪያ ለመለበጥ የዋለው ብር 84 ግራም ነው ማለት ነው። ለሃያ አራት ሲካፈል፣ ለአንዱ 3.5 ግራም ይደርሰዋል። አንድ ጠገራ ብር ውስጥ 23 ግራም ያህል ንጹህ ብር አለ። ስለዚህ ያ ሁሉ ሳጥን ሙሉ ዕቃ የያዘው ብር አራት ጠገራ እንኳ አይሞላም።

ይህን ስል ብር ቅብን ማጣጣሌ አይደለም። በ1830 የተመሠረተው የፈረንሳይ የብር ዕቃ አምራች ክሪስቶፍል በ1842 በኤሌክትሪክ የመለበጥን መብት ገዝቶ ነው ስሙን የተከለው። ናፖሊዮን ሦስተኛም ለቤተ መንግሥቱ ግብር ያዘዘው ትልቅ የማዕድ ዕቃ የክሪስቶፍል ብር ቅብ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ካላፈረበት እኛ ምን ቤት ነን?

የጌጡ ምርጫ ግን ከብረቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሻጮች ይህን አይነግሯችሁም። ከክሪስቶፍል የታወቁ ሞዴሎች ሦስቱን እንውሰድ። ማርሊ በሉዊ 15ኛ ዘመን ስልት የተሠራ ነው፤ ቅጠሉም ጥምዝምዙም ከብረቱ ከፍ ብሎ ይወጣል። ፐርል የሉዊ 16ኛ ነው፤ የእጀታውን ጠርዝ ተከትሎ አንድ መስመር ጨሌ የተሰካ ይመስላል፣ መሃሉ ልሙጥ ነው። ማልሜዞን የቀዳማዊ ናፖሊዮን ሚስት ጆዜፊን በ1799 በገዛችው ቤተ መንግሥት የተሰየመ ሲሆን፣ ዘንባባና ሎተስ ቅጠል በሥርዓት ይደረደርበታል።

ከፍ ያለ ጌጥ ጭረት ይደብቃል። ልሙጡ ላይ ግን አንዲት ጭረት ከሩቅ ትጮሃለች። በሌላ በኩል ብር ቅብ ሲወለወል ቀድሞ የሚሳሳው ከፍ ያለው ቦታ ነው። ስለዚህ ማርሊን ሙሉ ብር ሆኖ ካላገኛችሁት፣ አሮጌ ብር ቅቡን ስትገዙ የቅጠሎቹን ጫፍ እዩ። ቢጫነት ካለ ከሥር ያለው ብረት ብቅ ብሏል። የማንኪያውን ጀርባና የሹካውን ጥርስ ጫፍም እዩ፤ ሳህን የሚነኩት እነሱ ናቸው። እንደገና ማስለበጥ ይቻላል፣ ግን ሂሳቡ አንዳንዴ ሌላ ሳጥን ያስገዛል።

በየቀኑ ለምትበሉበት የእኔ ምርጫ ፐርል ብር ቅብ ነው። ለልጅ ልጅ የሚቀመጥ ከሆነ ደግሞ ባለ ሚኔርቫ አሮጌ ሙሉ ብር፤ ቢሰለቻችሁ እንኳ ብሩ በሚዛን ይሸጣል። የብር ቅብ ዋጋ ጌጡና ስሙ ብቻ ነው። ከሉዊ 14ኛ ዘመን ዕቃ አገኘሁ የሚል ሻጭ ከገጠማችሁ ግን ቀስ በሉ። ንጉሡ በ1689 ለጦርነት ወጪ ሲል የራሱን የብር ዕቃ ሳይቀር አቅልጦታል።

አጠባበቁ ለሁለቱም አንድ ነው። ብርን የሚያጠቁረው ድኝ ነው፤ እንቁላልና ሰናፍጭ ሲነካው ቶሎ ይጠቁራል። ጨው ደግሞ ይበላዋል። እኔ አንዴ ኢንተርኔት ላይ ያየሁትን አምኜ የራሴን ፐርል በፎይልና በቤኪንግ ሶዳ ዘፈዘፍኩት። ጸዳ፣ ያውም ከልክ በላይ። በጨሌዎቹ መሃል ለዓመታት የተኛው ጥቁር ጥላ አብሮ ሄደ። ያ ጥላ ነበር ለካ እያንዳንዷን ጨሌ ነጥሎ የሚያሳየኝ። አሁን እጀታው ዳር ላይ ያለው ነገር ጨሌ ይሁን ስፌት ከሩቅ አይለይም። ለስላሳ ጨርቅና የብር ማጽጃ ክሬም ይበቃል።

ቢላውን አትርሱ። የብዙዎቹ እጀታ ባዶ ሆኖ በማጣበቂያ የተሞላ ነው፤ ስለቱም ተራ አይዝግ ብረት ሊሆን ይችላል። ፍል ውኃ ማጣበቂያውን ያላቅቀዋል። ከመክፈላችሁ በፊት አንድ በአንድ ጆሯችሁ ሥር ነቅነቅ አድርጉት። ከተንኳኳ ዋጋ አስቀንሱ።