ለፋይበር መስመር፦ ያገለገለ ሲስኮ 4331 ወይስ አዲስ ማይክሮቲክ 5009?

ቢሮው ፋይበር ሊያስገባ ያሰበ ጓደኛ ሁሉ ስለ ራውተር (ቢሮውን ከኢንተርኔት መስመሩ ጋር የሚያገናኘው ዕቃ) የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። «ያገለገለ ሲስኮ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» መልሴ አንድ ነው፤ ተወው፣ ማይክሮቲክ አርቢ5009 ግዛ።

ከዋጋ ልጀምር። የ5009 የፋብሪካ ዋጋ 219 ዶላር ነው። ማጓጓዣና ቀረጥ ይጨመርበታል፣ እሱ አይቀርም። ከዚያ በኋላ ግን የምትከፍለው የለም፤ ላይሰንሱ (የሶፍትዌሩ ፈቃድ) አብሮት ይመጣል። የ4331 ሻጭ የሚነግርህ የዕቃውን ዋጋ ብቻ ነው። ይህ ራውተር ላይሰንስ ካልተገዛለት የሚያሳልፈው በሰከንድ 100 ሜጋ ቢት ነው፤ ወደ 300 የሚያወጣው ላይሰንስ ለብቻው ይሸጣል። የ200 ሜጋ መስመር እየከፈልክ ግማሹ እዚያው ይቀራል። የግድ ሲስኮ ካልክ ብሩን ከመቁጠርህ በፊት አስነሣውና «ሾው ፕላትፎርም ሃርድዌር ትሩፑት ሌቭል» የሚለውን ትእዛዝ ሰጥተህ ፍጥነቱን እይ። ደግሞም ኩባንያው ሞዴሉን መሸጥ ካቆመ ቆይቷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ነው ያቆመው።

ፖርቶቹ ላይም ብዙ ሰው ይሸወዳል። ከማስተዳደሪያው ፖርት ሌላ 4331 ላይ አራት ቀዳዳ ትቆጥራለህ፤ ሁለት የፋይበር፣ ሁለት የመዳብ። ፖርቱ ግን ሦስት ብቻ ነው። 0/0/0 የሚባለው ሁለት ቀዳዳ ይዟል፣ በአንድ ጊዜ የሚሠራው ግን አንዱ ነው። 0/0/1 መዳብ ብቻ፣ 0/0/2 ፋይበር ብቻ። ቁጥሮቹ በተራ ስሎት፣ ሰብስሎትና ፖርት ናቸው፤ ሁሉም ከዜሮ ይነሣሉ። በስልክ «አንደኛው ላይ ሰካው» ያልከው ልጅ 0/0/1 ጋ ይሄድና የፋይበር ቀዳዳ ያጣል።

5009 ላይ ኢተር1 እስከ ኢተር8፣ ከዚያ የፋይበሩ ቀዳዳ፣ ኤስኤፍፒ-ኤስኤፍፒፕላስ1። አንድ ቀዳዳ፣ አንድ ስም። ከፈለግህ ስሙን «ዋና ፋይበር» ብለህ ትቀይረዋለህ። ጉድለቱ የፋይበር ቀዳዳው አንድ ብቻ መሆኑ ነው። ሁለት ፋይበር የሚገባለት ቢሮ ወደ ማይክሮቲኩ ሲሲአር2004-16ጂ-2ኤስ+ ይሂድ፤ እሱ 465 ዶላር ገደማ ነው።

ገንዘብ የሚበላው ሞጁሉ ነው፤ የፋይበር ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ገመዱ የሚሰካበት ትንሽ ዕቃ። ለ10 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የሲስኮ ጂኤልሲ-ኤልኤች-ኤስኤምዲ የዝርዝር ዋጋው 995 ዶላር ነው። በዚህ ብር አራት 5009 ገዝተህ መልስ ትቀበላለህ! ፎርጅዱ የበዛው ለዚህ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሐሰተኛ የሲስኮ ዕቃ ይቸበችብ የነበረ ነጋዴ በ2024 እ.ኤ.አ. 6 ዓመት ተኩል ተፈርዶበታል። የሁለት ሞጁል ሴሪያል ቁጥር አንድ ከሆነ፣ ወይም ተለጣፊው ላይ ያለው «ሾው ኢንቬንተሪ» የሚለው ትእዛዝ ከሚያሳየው ከተለየ፣ አትንካው። በራሱ ስም የሚሸጥ ኮምፓቲብል (ሌላ ኩባንያ የሠራው፣ ተስማሚ) ሞጁል ግን ፎርጅድ አይደለም። ውጭ ከ10 እስከ 20 ዶላር ይገኛል፣ ያንኑ 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ ማይክሮቲክም የማን ነህ ብሎ አይመልሰውም።

ስትገዛ እዚያው ሰክተህ ፈትን። ማይክሮቲክ የሚገባውን ብርሃን በዲቢኤም (የብርሃኑ ጉልበት መለኪያ) ያሳይሃል። ገመዱን ንቀለው፤ ቁጥሩ መውደቅ አለበት። ነቅለኸውም ያው ቁጥር ከቆመ ሞጁሉን መልስ። ተሰክቶ ወደ -20 ከተጠጋ ግን ወደ ሻጩ ከመሮጥህ በፊት የገመዱን ጫፍ አጽዳ። ሌላም አለ፦ የ1 ጊጋ ሞጁል 5009 ላይ አልነሣም ካለ ኦቶ ኔጎሲዬሽን (ሁለቱ ጫፎች በራሳቸው ፍጥነት የሚስማሙበትን) አጥፋና ፍጥነቱን በእጅ 1 ጊጋ አድርገው። ደህና ሞጁል «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲመለስ አይቻለሁ።

የሚገባልህ ነጠላ ክር (ለመላክም ለመቀበልም አንድ ክር ብቻ) ከሆነ ደግሞ ሞጁሎቹ ጥንድ ናቸው። ለምሳሌ አንዱ በ1310 ናኖሜትር ብርሃን ልኮ በ1550 ይቀበላል፣ ሌላው በተቃራኒው። ሁለት አንድ ዓይነት ከገዛህ መስመሩ አይነሣም። ስለዚህ ከመግዛትህ በፊት በወዲያኛው ጫፍ የተሰካው የቱ እንደሆነ መስመሩን የሚያስገቡልህን ጠይቅ።