ከቀድሞዎቹ የኤንቢኤ (የአሜሪካ የቅርጫት ኳስ ሊግ) ኮከቦች ማን ይበልጣል፦ ቢል ራስል ወይስ ዊልት ቻምበርሌን?

በቁጥር ከሆነ ዊልትን የሚደርስበት የለም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1962 በአንድ ጨዋታ ብቻ 100 ነጥብ አስቆጠረ። የዚያ ዓመት አማካዩ በጨዋታ 50.4 ነጥብ ነበር! በ1964 ሊጉ ከቅርጫቱ ስር ያለውን ክልል ከ12 ወደ 16 ጫማ ያሰፋውም እሱን ለመግታት ነው። ዋንጫው ግን 2 ብቻ ነው።

ራስል ከቦስተን ሴልቲክስ ጋር በ13 ዓመት 11 አነሳ። እኔ እሱን እመርጣለሁ፤ በተለይ በብሎኩ፣ ማለትም ተጋጣሚ ወደ ቅርጫት የወረወረውን ኳስ በማገዱ። ሌላው ኳሷን በኃይል መትቶ ወደ ተመልካች ይሰዳታል። ራስል ግን በጣቱ ጫፍ ነካ አድርጎ ለጓደኛው ያመቻቻታል። መከላከሉ ወዲያው ማጥቃት ይሆናል። የመጨረሻዎቹን 2 ዋንጫዎች ደግሞ እየተጫወተ፣ እያሠለጠነም ነው የወሰደው፤ የኤንቢኤ የመጀመሪያው ጥቁር ዋና አሠልጣኝ ሆኖ። በ2022 ሲያርፍ፣ 6 ቁጥር ማሊያው አዲስ ተጫዋች እንዳይለብሰው በመላው ሊግ ለክብሩ ተሰቀለ።