ትምህርት ቤት የሰጠው ክሮምቡክ ከ10 ወር በኋላ፦ ምኑ ተቆልፏል? በምን ይተካል?

ግምገማው ትምህርት ቤት ለተማሪ ስለሚያድለው፣ 4 ጊጋባይት ራምና 32 ጊጋባይት ማከማቻ ስላለው ክሮምቡክ (የጉግል ክሮም ኦኤስ የሚሠራበት ላፕቶፕ) ነው። ከ10 ወር የዕለት ተዕለት አገልግሎት በኋላ ስለ አካሉ ብዙ የሚባል የለም። ኪቦርዱ ደህና ነው፣ ባትሪው የትምህርት ቀኑን ያደርሳል፣ ስክሪኑ ግን ደብዛዛ ነው። ዋናው ጉዳይ ሶፍትዌሩ ነው።

ሶፍትዌሩን የቆለፈው ነገር ያለው ማሽኑ ውስጥ አይደለም። ማሽኑ በሲሪያል ቁጥሩ ሰርቨር ላይ በትምህርት ቤቱ ስም ተመዝግቧል። ፓወርዋሽ (ማሽኑን ወደ ፋብሪካ ሁኔታው መመለስ) ተደርጎ ሁሉ ነገር ቢጠፋ እንኳ ኢንተርኔት እንዳገኘ ተመልሶ እዚያው መዝገብ ውስጥ ይገባል፤ ትርፉ ጉግል ድራይቭ ላይ ያልተቀመጠ ፋይል ማጣት ብቻ ነው። የሲስተሙን ጥበቃ የሚያነሳው ዴቨሎፐር ሞድም በዚሁ በኩል ይዘጋል።

የተከለከለውን ለይቶ ማወቅ ግን ይቻላል። የብራውዘሩ አድራሻ ቦታ ላይ «ክሮም»፣ ሁለት ነጥብ፣ ሁለት እዝባር፣ ከዚያ «ፖሊሲ» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ በማሽኑና በአካውንቱ ላይ የተጫነው ደንብ በሙሉ በሠንጠረዥ ይወጣል (ይህንንም ገጽ የሚዘጋ አድሚን፣ ማለትም የትምህርት ቤቱን ማሽኖች የሚያስተዳድር ሰው፣ አለ)። «ኤክስቴንሽን ኢንስቶል ብሎክሊስት» የሚለው ረድፍ ላይ ኮከብ ምልክት ብቻ ካለ ሁሉም ኤክስቴንሽን (ብራውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም) ተዘግቷል ማለት ነው፤ ተማሪው ራሱ ሊጭን የሚችለው «አላውሊስት» ላይ የተዘረዘሩትን ብቻ ነው።

ብዙ የሚያሳጣው የሊኑክስ፣ ማለትም የዴስክቶፕ ፕሮግራሞችን ለመጫን የሚያስችለው ሲስተም፣ መዘጋት ነው። ክሮምቡክ ውስጥ ያለው ሊኑክስ በቨርቹዋል ማሽን (በሶፍትዌር በተፈጠረ ኮምፒውተር) ውስጥ የሚሠራ፣ ዴቢያን የሚባል የሊኑክስ ዓይነት ስለሆነ ከዋናው ሲስተም የተነጠለ ነው፤ ሁሉንም ተማሪ በጅምላ መከልከል ከልክ ያለፈ ጥንቃቄ ይመስላል። ሲፈቀድም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ «ቨርቹዋል ማሽንስ አላውድ» የማሽኑ ደንብ ነው፣ «ክሮስቲኒ አላውድ» (ክሮስቲኒ የክሮምቡኩ ሊኑክስ መጠሪያ ነው) ደግሞ የአካውንቱ። አንዱ ተከፍቶ ሌላው ከቀረ ሊኑክስ አይነሳም፣ አድሚኑም «ፈቅጃለሁ እኮ» ይላል። ሁለቱም ከተከፈቱ በኋላ ለዲስኩ 10 ጊጋባይት ያህል መመደብ ይሻላል፤ ከ32ቱ ላይ ይህ ቀላል አይደለም። ሊብሬኦፊስ የሚባለውን የቢሮ ሶፍትዌር በሙሉ ከመጫን የሚፈለገውን ለይቶ፣ ለምሳሌ ራይተርን (ለጽሑፍ) እና ካልክን (ለሠንጠረዥ) ብቻ፣ መጫን ቦታ ይቆጥባል። ጊምፕ (ለፎቶ) እና ኢንክስኬፕ (ለሥዕል) በ4 ጊጋባይት ራም እየተንቀረፈፉም ቢሆን ይሠራሉ፣ ሌላው ታብ ከተዘጋ። የ3ዲ መሥሪያውን ብሌንደርን ባይሞክሩት ይሻላል።

ሊኑክስ ካልተፈቀደ የፕሮግራም ቋንቋውን ፓይተንን ለመማር የሚበጀው ጁፒተርላይት፣ ማለትም ኮድ የሚጻፍበትና የሚሠራበት ድረ ገጽ፣ ነው። ክፍት ምንጭ ነው፣ አይጫንም፣ ፓይተኑ የሚሠራው በፓዮዳይድ (ለብራውዘር በተዘጋጀ ፓይተን) አማካኝነት እዚያው ብራውዘሩ ውስጥ ነው። ለስሌት፣ ለዳታና ለግራፍ የሚያገለግሉት ነምፓይ፣ ፓንዳስና ማትፕሎትሊብ ይሠራሉ። ጀማሪዎች በኮድ ሥዕል የሚሥሉበት ተርትል አይሠራም፣ ምክንያቱም ብራውዘር ውስጥ የሌለውን ቲኪንተርን (የፓይተን መስኮት መክፈቻ) ይፈልጋል።

ሁለት ነገር ያናድዳል። የመጀመሪያው፦ ገጹ ይከፈታል፣ ኮዱ ይጻፋል፣ ሺፍትና ኢንተር ሲጫኑ በሴሉ (ኮዱ በተጻፈበት ሳጥን) ግራ በኩል ቅንፍ ውስጥ ኮከብ ይመጣና እዚያው ይቀራል። ስህተት የሚል ጽሑፍ የለም። ጥፋቱ የኮዱ አይደለም። በተለመደው አሠራር ፓዮዳይድ የሚወርደው ጄኤስዴሊቨር ከሚባል ሌላ አድራሻ ነው፤ የትምህርት ቤቱ ማጣሪያ ዋናውን ገጽ ብቻ ካሳለፈ ፓይተኑ አይደርስም። ሁለተኛው ይብሳል። ጁፒተርላይት ሥራውን የሚያስቀምጠው በብራውዘሩ ማከማቻ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሳይን አውት ሲደረግ የተጠቃሚውን ዳታ እንዲያጠፋ ከታዘዘ (ፖሊሲው ገጽ ላይ «ኢፌመራል» የሚል ቃል ካለ) የሳምንት ሥራ በአንድ ሳይን አውት ይጠፋል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ኖትቡኩን (ኮዱ ያለበትን ፋይል) ዳውንሎድ አድርጎ ድራይቭ ላይ መጫን ግድ ነው። የሥዕል ሰሌዳው ኤክስካሊድሮውም በነባሪው ሥዕሉን ብራውዘሩ ውስጥ ስለሚያስቀምጥ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ለቀረው ሥራ ብዙ ችግር የለም። ለዲያግራም ድሮው አይኦ፣ ለትንንሾቹ ደግሞ ኮድ መማሪያው ስክራች በብራውዘር ይበቃሉ። የፎቶ ማስተካከያው ፎቶፒ በክፍት ምንጭ ዝርዝሮች ውስጥ ሲጠቀስ ይታያል፤ ነፃ ነው እንጂ ክፍት ምንጭ አይደለም።

አድሚን ጋር ሲኬድ «ጁፒተርን ክፈቱልን» ማለት አያስኬድም። ለድረ ገጽ የሚከፈተው አድራሻ በሙሉ፣ ጄኤስዴሊቨርም ሳይቀር፣ ይጻፍ፤ ተጨማሪ ፓኬጅ ከተፈለገ ፓይፒአይ (የፓይተን ፓኬጆች ማከማቻ) እና ፋይሎቹ የሚወርዱበት አድራሻም አብሮ። ለኤክስቴንሽን ደግሞ ስሙ ሳይሆን 32 ፊደል ያለው መለያው ነው የሚሰጠው፦ ክሮም ዌብ ስቶር ላይ ገጹ ሲከፈት በአድራሻው መጨረሻ ላይ ይታያል። ማስታወቂያ የሚያግደውን ዩብሎክ ኦሪጅን ላይትን የመሰለ ስም ያላቸው አስመሳዮች ስላሉ አድሚኑ በስም ፈልጎ ሌላውን ሊፈቅድ ይችላል። ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ፖሊሲው ገጽ ላይ «ሪሎድ ፖሊሲስ» የሚለውን መጫን ይረዳል፤ ሳይጫኑት «አሁንም አልተከፈተም» ብለው የሚመለሱ ብዙ ናቸው።

ትምህርት ሲያልቅ ማሽኑን ተማሪው እንዲያስቀረው የሚፈቅዱ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመረከቡ በፊት አድሚኑ ከመዝገብ እንዲያወጣው መጠየቅ፣ ከዚያ እዚያው ፓወርዋሽ አድርጎ ዋይፋይ ማገናኘት ያስፈልጋል። የትምህርት ቤቱ ስም ያለበት የምዝገባ ገጽ ከመጣ አልወጣም ማለት ነው። ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ክሮም ኦኤስ» የሚለው ክፍል ማሽኑ አፕዴት የሚያገኝበትን የመጨረሻ ጊዜ ያሳያል፤ ያ ቀን ካለፈ መቀበሉ ብዙም አይጠቅምም።