ባለ ቤንዚኗ ሪሞት መኪናዬ፦ ድሬ ላይ ለወራት ነድቼ ስለ ነዳጇ የማምንበት

ትልቅ ባለ ቤንዚን ሪሞት መኪና ለመግዛት ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ፍጥነቷ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ የምነግረው ስለ ነዳጇ ነው። ፍጥነቱ ይደርሳል። ነዳጇን ካላወቁላት ግን ሞተሩ ዕድሜ የለውም።

የእኔዋ 1/5 የሚባለው መጠን ናት፤ የእውነተኛ መኪና አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ርዝመቷ ከ80 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቷ ከ10 ኪሎ ይበልጣል። ከዱባይ በሰው ነው የመጣችልኝ። ሞተሯ 26 ሲሲ ገደማ ነው፤ ቱ ስትሮክ፣ በአየር የሚቀዘቅዝ። ሞተር ሳይክሌን የሚሠራልኝ መካኒክ ክዳኗን አንስቶ እንዳያት «አቦ፣ ይሄማ የመጋዝ ሞተር ነው!» አለ። ልክ ነው። በዚህ መጠን ያሉ መኪኖች በብዛት የሚይዙት ዜኖዋ የተባለውን የጃፓን ሞተር ወይም የእሱን ቅርጽ የተከተለውን ነው። ሞተሩ ከሣር ማጨጃና ከዛፍ መቁረጫ መጋዝ ሞተር ጋር ቅርብ ዘመድ ነው።

ይህ ለነዳጅ ምርጫው ወሳኝ ነው። ሞተሩ እንደ ባጃጅ ሞተር ለብቻው ዘይት አይሞላለትም። ፒስተኑንም፣ ፋሻውንም፣ ኩሽኔታውንም የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚገባው ዘይት ብቻ ነው። ስለዚህ ንጹህ ቤንዚን ብቻውን አይገባባትም። ለደቂቃም ቢሆን።

በትንንሾቹ ሪሞት መኪኖች የሚገባው ናይትሮ የሚባለው ነዳጅም አይሆናትም። እሱ ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት ተቀላቅሎበት የሚሠራ ነው፤ ለሌላ ዓይነት ሞተር የተዘጋጀ። የዚችን ካርቡሬተር (ቤንዚኑን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ክፍል) ስስ ጎማዎች ይጎዳል። ደግሞም ድሬ ላይ ከየት ይመጣል? ባለ ቤንዚን የመረጥኩት ለዚሁ ነው፤ ነዳጇ ማደያ አለ።

ማደያ አለ ማለት ግን ሄዶ በጀሪካን ይቀዳል ማለት አይደለም። በጀሪካን አይቀዳም። ሰልፉም አለ። እኔ ሞተር ሳይክሌን አስሞላለሁ፤ በቴሌብር ከፍዬ ቤቴ እገባለሁ። ከዚያ ከሞተር ሳይክሉ ታንከር ስር ያለውን የቤንዚን ጎማ ነቅዬ የምፈልገውን ያህል ወደ ጣሳ አወርዳለሁ። ግቢ ውስጥ፣ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ፣ ከከሰልም ከሲጋራም ርቄ። በአፍ ስቦ ማውጣት የሚባለውን ነገር እባካችሁ ተዉት።

በሃይላንድ ተሞልቶ መንገድ ዳር የሚሸጠው ቤንዚን ያጓጓል። ሰልፍ የለበትም። ነገር ግን ነጭ ጋዝ የተደባለቀበት ሊሆን ይችላል። ነጭ ጋዝ ኦክቴኑ፣ ማለትም ያለጊዜው ላለመፈንዳት ያለው አቅም፣ ዝቅተኛ ነው፤ ሞተሩ ውስጥ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ሙቀቱም ይከማቻል። የጓደኛዬ መኪና እንዲህ ያለ ቤንዚን ገብቶባት ፒስተኗን ሲያወጡት ጎኑ ከላይ እስከ ታች ተጭሮ አይቻለሁ። ጣቴን ሳሳልፍበት ጭረቱ ይይዘኝ ነበር።

መለያ ዘዴው ቀላል ነው። ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ሁለት ጠብታ አድርጉ። ጥላ ስር አስቀምጡት። ንጹህ ቤንዚን በድሬ ሙቀት ወዲያው ተንኖ ይጠፋል፤ ወረቀቱ እንደነበረ ይሆናል። ነጭ ጋዝ ያለበት ግን ክብ የቅባት እድፍ ትቶ ይቆያል። ወረቀቱን ወደ ብርሃን ስታነሱት እድፉ ያሳልፋል። ይህን ከዘይት ጋር ከመቀላቀላችሁ በፊት አድርጉ፤ ከተቀላቀለ በኋላ ሁሉም ያድፋል።

ስለ ኦክቴን ብዙ የሚጨነቅ ሰው አለ። አያስፈልግም። የዚህ ሞተር ግፊት መጠነኛ ነው። የማደያው ተራ ቤንዚን ይበቃዋል። ከኦክቴኑ ይልቅ ትኩስነቱ ይበልጣል። ቤንዚን ሲቀመጥ ቶሎ የሚተነው ክፍሉ እየወጣ ያረጃል። እዚህ ከተማ ጥላ ውስጥ እንኳ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ የምቀላቅለው ለሳምንት የሚበቃኝን ብቻ ነው። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ከሆነማ ጭራሽ ማቆየት አይገባም። ውሃ ይስባል፤ የካርቡሬተሩን ጎማም ያደርቃል።

አሁን ወደ ዘይቱ። እዚህ ላይ ስስት አይሠራም። የሞተሩ መመሪያ 25 ለ1 ይላል። ይህ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 40 ሚሊ ሊትር ዘይት ነው። ከፋርማሲ ባለ 10 ሚሊ ሲሪንጅ ገዝቻለሁ፤ አራት ጊዜ ሞልቶ መግፋት ነው። በቆርኪ የሚለኩ አሉ። ቆርኪ መለኪያ አይደለም። ጣሳው ውስጥ ግማሹን ቤንዚን አስቀድሜ ዘይቱን እጨምራለሁ፤ አንቀጥቅጬ ቀሪውን እሞላለሁ። ከመቅዳቴ በፊት ሁልጊዜ እንደገና አንቀጠቅጠዋለሁ።

ዘይቱ ቱ ስትሮክ የተባለ መሆን አለበት። የባጃጁ 20ደብሊው50 አይሆንም፤ እሱ ለመቃጠል የተሠራ ስላልሆነ ካንዴላውን ጥላሸት ያለብሰዋል። ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ስትፈልጉ ደግሞ ጀርባውን አንብቡ። ቲሲ-ደብሊው3 የሚል ካገኛችሁ እሱ በውሃ ለሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር ነው። የኛ ሞተር በአየር ስለሚቀዘቅዝ ከዚያ በላይ ይግላል። ጃሶ በሚባለው የጃፓን የዘይት ደረጃ ኤፍሲ ወይም ኤፍዲ የሚል ፈልጉ። ኤፍዲው የሞተሩን ውስጥ ንጹህ አድርጎ በማቆየት ይበልጣል፤ እኔ የረጋሁት በእሱ ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፤ ከፒስተን ዋጋ ጋር ሲተያይ ግን ምንም አይደለም።

አንዳንዱ «25 ለ1 ጭስ ይበዛል፣ 50 ለ1 አድርገው» ይላል። 50 ለ1 ማለት ዘይቱን በግማሽ መቀነስ ነው። ለሌላ ሞተር ይሠራ ይሆናል። በድሬ ፀሐይ፣ በአሸዋ ላይ ሙሉ ጋዝ ለሚረገጥ ሞተር ግን አልመክርም። ትንሽ ጭስ ሞተሩን አይጎዳውም።

እኔን በጣም የገረመኝ ሐረር ስወስዳት ያየሁት ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ናት፤ ሐረር ወደ 1,900 ትጠጋለች። በደንገጎ ዳገት ወጥታችሁ ስትደርሱ አየሩ ሳስቷል። ያው ነዳጅ፣ ያው ካርቡሬተር ነው፤ መኪናዋ ግን ትንተባተባለች፣ ስትረገጥ ትዘገያለች፣ ጭሱ ይወፍራል። ሰው ወዲያው ዘይቱን ይጠረጥራል። ዘይቱ አይደለም። አየሩ ሲያንስ ቤንዚኑ ስለበዛባት ነው። ካርቡሬተሩ ላይ ኤች የሚል ምልክት ያለባትን፣ የቤንዚኑን መጠን የምታስተካክለውን ቪቴ የዙር አንድ ስምንተኛ ያህል ወደ ቀኝ አጠበቅኋት። ድምጿም ጠራ።

ዋናው ነገር ስትመለሱ ነው። ድሬ ወርዳችሁ ቪቴዋን ሳትመልሱ ከነዳችሁ ቤንዚኑ ያንሳታል። ቤንዚኑ ሲያንስ አብሮት የሚገባው ዘይትም ያንሳል። ያኔ መኪናዋ ለጊዜው ትፈጥናለች፣ ሰውም ይደሰታል። ሞተሩ ግን ውስጥ ውስጡን እየተቃጠለ ነው።

ማረጋገጫው ካንዴላው ነው። በደንብ ከነዳችሁ በኋላ ፈትታችሁ ጫፉን እዩ። ወተት በደንብ የገባበት ሆጃ (ከቡና ገለባ ወይም ቅጠል የሚፈላው መጠጥ) መምሰል፣ ማለትም ፈዘዝ ያለ ቡናማ መሆን አለበት። ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚን በዝቷል፤ ወደ ነጭ ካደላ አንሷል፣ ቪቴዋን ወደ ግራ መልሱ። ይህን ሞተሩ ሲቀዘቅዝ አድርጉ፤ ክሩ እንዳይበላ።

የምነዳት በብዛት ደቻቱ ላይ ነው፤ ወንዙ ደርቆ አሸዋ ብቻ ሲሆን። በክረምት ግን አልገባም። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ከዘነበ ውሃው ድንገት ይደርሳል። የ1998ቱን ጎርፍ እዚህ ማንም አልረሳውም። አሸዋው ደቃቅ ስለሆነ የአየር ማጣሪያ ስፖንጁን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላ በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ፣ ዘይት ቀብቼ እመልሳለሁ።

እስካሁን ሞተሩ አልተፈታም። የቀየርኩት ካንዴላና የቤንዚን ጎማ ብቻ ነው፤ ጎማው በሙቀቱ ደርቆ መሰንጠቅ ጀምሮ ነበር። ከሁለት ሳምንት በላይ የማልነዳት ከሆነ ታንከሯን ባዶ አደርጋለሁ። ከዚያ ካርቡሬተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ሳልረግጥ አስነስቼ እተዋታለሁ፤ ራሷ ትጠፋለች። የተረፈውን ቅልቅል አላስቀምጥም፤ ሙሉ ታንከር ባለው ሞተር ሳይክሌ ላይ ትንሽ በትንሹ እጨምረዋለሁ።