ዕቃው ከሜሪላንድ፣ ሙያው ከመገናኛ

አዲስ አበባ ውስጥ ጌሚንግ ኮምፒውተር መግጠም የሚችል ልጅ ሞልቷል። የሚቸግረው ዕቃ ሳይሸጥላችሁ የእጁን ብቻ የሚያስከፍል ማግኘት ነው። ዘንድሮ ከምኖርበት ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ ለበዓል ስገባ ለእህቴ ልጅ ፓርት (የኮምፒውተር ክፍሎች) በሻንጣ ይዤ ስለነበር ነገሩን በደንብ አየሁት። እንደ እኔ ይዛችሁ ለምትገቡ፣ የተገለገልኩባቸውን ቦታዎች ልንገራችሁ።

የያዝኩት ራይዘን 5 5600 ፕሮሰሰር፣ ባለ 12 ጊጋ አርቲኤክስ 3060 ግራፊክስ ካርድ፣ ቢ550 ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ኤስኤስዲ እና ፓወር ሰፕላይ ነው። አዲስ ሞዴል አይደለም፤ ለሃይስኩል ተማሪ ግን ይበቃል። ኬዝ (ሁሉም የሚገጠምበት ሳጥን) እና ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ) እዚያው ልግዛ ብዬ ተውኩ። ኬዝ ሻንጣ ይጨርሳል፣ መስታወቱም አይተማመኑበትም። የዩፒኤስ ባትሪ ደግሞ ለአውሮፕላን አይሆንም።

ኬዙን ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ አገኘሁት። መስተንግዷቸው ጥሩ ነው፤ ቡና አስመጥተው ነው የሚያዋሩት። ዋጋው ላይ ግን እህቴ ደውላ የሰማችውና ለእኔ የተነገረኝ አልተገናኘም። ሌላው ችግር፣ የተደረደረው ኬዝ ከሞላ ጎደል ፊቱ በመስታወት የተዘጋ ነው። መብራቱ ያብረቀርቃል፣ አየር የሚገባበት ግን የለም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ስጠይቅ ከመጋዘን አንድ አወጡ። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ አያምርም» አለኝ። እሱን ወሰድኩ።

ገጣሚ ፍለጋው ነው ያደከመኝ። አንዱ ሱቅ «ፓርቱን ከእኛ ካልገዛህ አንገጥምም» አለ። ሌላው ደግሞ እንገጥማለን፣ ግን ለምንም ነገር ኃላፊነት አንወስድም አለ። አልፈርድባቸውም። ትርፋቸው ዕቃው ላይ ነው፤ መግጠሙ ምርቃት ነው። ዕቃውን ይዞ የመጣ ሰው ምርቃቱን ብቻ ሊወስድ የመጣ ይመስላቸዋል። ራሴ መግጠም አያቅተኝም ነበር። ግን እኔ ከሄድኩ በኋላ ልጁ የሚሮጥበት ሰው እንዲኖረው ፈለግኩ።

በመጨረሻ መገናኛ፣ አንድ ሕንፃ ላይ፣ ላፕቶፕ የሚጠግን ወጣት ጋ ደረስን። የእጅ ዋጋውን ሳይጀምር ተናገረ። ዕቃው ከየት መጣ አላለም። የአሜሪካውን የኃይል ገመድ አውጥቶ ወዲያ አደረገውና በራሱ ገመድ ቀየረው። ፓወር ሰፕላዩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል ችግር የለበትም፤ ገመዱ ግን ለ125 ቮልት የተሠራ ነው። ብዙ ሰው ጫፉ ላይ አስማሚ ሰክቶ ይቀጥላል።

የወደድኩት ስለ ሙቀት ያወራው ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋለች። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ በሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ የሚያንቀሳቅሰው አየር መጠኑ ያው ነው፤ ውስጡ ያለው አየር ግን ጥቂት ስለሆነ ተሸክሞ የሚወጣው ሙቀትም ያንሳል። ከተማው ቀዝቃዛ መሆኑ የተወሰነውን ይክሳል፣ ሁሉንም ግን አይደለም። ቦሌ ያለው ሻጭ «የውኃ ማቀዝቀዣ ከገዛህ ከፍታው አያሳስብህም» ብሎኝ ነበር። የመገናኛው ልጅ ይህን ሲሰማ ሳቀ። ውኃውም ቢሆን ሙቀቱን ወስዶ የሚጥለው በራዲያተር ወደዚያው አየር ነው። ፓምፑ ቢሞት ደግሞ መለወጫ ፍለጋ መንከራተት ነው። ይልቅ አጠገቡ ካለው ሱቅ አንድ ትልቅ የአየር ኩለር (ፕሮሰሰሩን በፋን የሚያቀዘቅዝ) አስገዛኝ። የእሱ ፋን ቢበላሽ ሌላ ፋን ይታሰርበታል።

የእህቴ ልጅ ኦቨርክሎክ (ፕሮሰሰሩን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስኬድ) ካልተደረገ ብሎ ሙጭጭ አለ። ስክሪን ላይ 5 ጊጋኸርዝ ማየት ነው ሕልሙ። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅ መጨመር አለ፤ ሙቀቱ ደግሞ ከቮልቴጁ ፈጥኖ ይወጣል። ይህ ፕሮሰሰር ጣሪያው 90 ዲግሪ ነው፤ እዚያ ሲደርስ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ባለሙያው በተቃራኒው ሄደ፤ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ) ውስጥ ገብቶ ቮልቴጁን ዝቅ አደረገው። ከዚያ አስጨንቆ ሲፈትነው ከ80 በላይ ይወጣ የነበረው 70 አካባቢ ቆመ፣ ፍጥነቱም ትንሽ ከፍ አለ። «ጋሼ፣ ይሄም ኦቨርክሎክ ነው፤ ግን መብራት አያስከፍልም» አለኝ። ራሙም በ2133 ፍጥነት ሲሄድ ነበር። ባዮስ ውስጥ ያለውን የራሙን የፍጥነት ፕሮፋይል አብርቶ ወደ 3200 አመጣው። ሱቅ የገጠመውን ያመጡለት ብዙ ሰዎች ይህ ሳይበራላቸው እንደሚከርሙ ነገረኝ። የከፈሉበትን ፍጥነት አያገኙም ማለት ነው።

ቤት ስናስገባው ሌላ ጉድ መጣ። ኬዙን ስትነኩት ይነዝራል። የፓርት ብልሽት አይደለም፤ የእህቴ ቤት የቆየ ስለሆነ ሶኬቱ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስድ ሽቦ) የለውም። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ጥቂት ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ ይለቃል፤ ኧርዝ ካለ መሬት ይገባል፣ ከሌለ እጃችሁን ይጠብቃል። የሰፈር ኤሌክትሪሺያን አስጠራን። ከቀጠሮው በጣም ዘግይቶ መጣ፣ ሥራው ግን የጸዳ ነው፦ ጓሮ የመዳብ ዘንግ ቀበረና እስከ ክፍሉ ሽቦ ዘረጋ። መንዘሩ ቆመ። ያለኝን ኮከብ ሁሉ ለእሱ ነው የምሰጠው።

ዩፒኤስ ስትገዙ ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው ቁጥር ቪኤ (ቮልት-አምፔር) ነው እንጂ ዋት አይደለም። ዋቱ ከዚያ ያንሳል፤ ጀርባው ላይ በትንሹ ይገኛል። ግራፊክስ ካርዱ ብቻውን 170 ዋት ይበላል፣ ስክሪኑንም ደምሩ። ሻጩ ሱቁ ውስጥ ኮምፒውተሩን ሰክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ርካሾቹ መብራት ሲሄድ የሚሰጡትን ኃይል አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ አይወደውም፤ ኮምፒውተሩ ባትሪ እያለ ይጠፋል። እኛ የጠየቅነው ሻጭ ፈቃደኛ ነበር፤ ሁለተኛው ዕቃ አለፈ።

የመገናኛው ልጅ ላይ ያለኝ ቅሬታ ደረሰኝ አለመስጠቱ ነው። ዋስትናውም በቃል ነው። እስካሁን ግን ስልክ ያነሳል፤ የእህቴ ልጅም አቧራ ለማስነፋት ተመልሶ ሄዷል። መሄድ የምትፈልጉ ቀድማችሁ ደውሉ፤ ሕንፃው መብራት ከሌለው አይሠራም። ዊንዶውስ ሲጫን ዋይፋዩን ላያውቀው ስለሚችል ድራይቨሩን በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ክፍያ በቴሌብር ይቀበላል።