ፒያሳ፣ ታፔላ የሌለው ጥገና ቤት እና አልረጋ ያለችው ቲቪ ቦክሴ

ለጥገና ቤቱ ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። ለቦክሷ 2። ከቦክሷ ጋር ለመጣው አዳፕተር ግን ምንም የለኝም።

አራት ኪሎ አካባቢ ትንሽ የሴቶች ፀጉር ቤት አለችኝ። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ከሥሩ መዳፍ የምታክል ጥቁር አንድሮይድ ቦክስ አለች። ስሟን አልጠራም። ለነገሩ ካርቶኗ ላይ ያለው ስምና ስትበራ ስክሪኑ ላይ የሚመጣው ስም አይተዋወቁም። ሥራዋ ቀላል ነው፤ ዩቲዩብ ትከፍታለች፣ ክሊፕ ታጫውታለች፣ ከሰዓት በኋላ ድራማ ታሳያለች። ካስክ ውስጥ የገባች ሴት ድምፁን ባትሰማም ዓይኗን የምታሳርፍበት ነገር ትፈልጋለች። ቢጎዲን ተጠቅልላ የተቀመጠች ደንበኛ ቴሌቪዥኑ ከጠፋባት የሚቀራት እኔን ማየት ነው። እኔን ደግሞ የምታየኝ "መቼ ነው የሚያልቅልኝ?" በሚል ዓይን ነው።

ቦክሷ እየተንቀራፈፈች መጣች። ሚሞሪዋ ሞላ፣ ዩቲዩብ ገና ከመከፈቱ ይዘጋል። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ሴቲንግ ውስጥ ገብታ ፋክተሪ ሪሴት አደረገቻት፣ ማለትም የገባባትን ሁሉ አጥፍታ እንደ አዲስ መለሰቻት። ማንም የሚያደርገው ነው፣ ጥፋት የለበትም። ከዚያ በኋላ ግን ቦክሷ አልረጋ አለች። ሎጎው ይመጣል፣ ትንሽ ይቆያል፣ ድርግም። እንደገና ሎጎ። አንዳንዴ የሚንቀሳቀሰው የአንድሮይድ ጽሑፍ ድረስ ትሄድና ልክ "እሰይ ገባች" ስንል መልሳ ትጠፋለች። ካልነቀልናት ስትነሳ ስትወድቅ ትውላለች።

መጀመሪያ የወሰድኳት የገዛሁበት ሱቅ ነው። የቱ እንደሆነ ይቅር። "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ከባንኮኒው በላይ ተለጥፏል። ሻጩ ገና አፌን ሳልከፍት በአገጩ እሱን አሳየኝ። ከዚያ ሳይሰካት፣ እንዲያው በእጁ መዘን መዘን አደረጋትና "ቦርዷ ሄዷል እህቴ፣ አዲስ ውሰጂ" አለኝ። አዲሷ 6,500 ብር። ሐኪም እንኳ በሽታ ከመናገሩ በፊት ምላስሽን አውጪ ይላል። ይዣት ወጣሁ።

ፒያሳ ያለውን ልጅ የጠቆመችኝ አንዲት ደንበኛዬ ናት፤ ሪሲቨሯን ያሠራችው እዚያ ነው። ፒያሳ በ2016 ከፈረሰ ወዲህ የድሮ ጠጋኞች የት የት እንደገቡ ማፈላለግ ራሱን የቻለ ሥራ ሆኗል። ይሄኛው ከማዘጋጃ ቤት ቸርችልን ይዛችሁ ትንሽ ወረድ እንዳላችሁ፣ ገባ ብሎ ያለ አሮጌ ፎቅ ላይ ነው። ታፔላ የለውም። በሩ ላይ በእስክሪብቶ "ቲቪ፣ ሪሲቨር፣ ቦክስ፣ ስፒከር ይጠገናል" ተብሎ ተጽፏል። ክፍሉ ጠባብ ነው። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃል። የብየዳ ሽታ አለ። መስኮቱ ይከፈት ይሆን ብዬ ጠይቄ ነበር፤ አይከፈትም።

ልጁ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ነው። "ማዘር" እያለ ነው የሚያወራኝ። ማዘር የሚያስብል ነገር የለኝም፣ ግን ሥራውን ካየሁ በኋላ ይቅር ብዬዋለሁ። ቦክሷን ከእጄ ሳይቀበል በፊት የጠየቀኝ "አዳፕተሩን ይዘውታል?" ብሎ ነው። ይዤው ነበር። እዚህ ላይ ነው ሰውዬው የገባኝ።

አዳፕተሩና ቦክሷ መሃል የምትገባ ትንሽ መለኪያ አለችው፣ ቁጥሮቿ በቀይ የሚበሩ። አዳፕተሩ ብቻውን ሲሰካ 5.2 ቮልት አለች። ጥሩ ነው። ቦክሷን ሲያገናኘው 4.9። ሎጎው መጣ፣ 4.7። ጽሑፉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ቁጥሩ ወደ ታች ወረደ፦ 4.5፣ 4.3፣ ከዚያ ስክሪኑ ጠፋና ቁጥሩ ብድግ ብሎ 5.2 ገባ። ሎጎ። እንደገና ያንኑ። ጎን ለጎን እያየሁት፣ ቁጥሩ ሲወርድ "አሁን ትጠፋለች" ማለት ጀመርኩ። አልተሳሳትኩም።

አዳፕተሩ ላይ "5 ቮልት፣ 2 አምፔር" ተብሎ ተጽፏል። የሚሰጠው ግን ሌላ ነው። ፈልቅቆ ከፈተልኝ። ውስጡ ያለችው ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪኩን የምታረጋጋው ትንሿ ዕቃ፣ አናቷ ለጥ ያለ መሆን ሲገባው ወደ ላይ አብጧል። እንዲህ ያበጠች ካፓሲተር ባዶውን ስትለካ ደህና ትመስላለች፤ ጭነት ሲመጣባት ነው የምትከዳው።

እሺ፣ እስከ ሪሴቱ ድረስ እንዴት ሠራች? ይህን ጠይቄው የመለሰልኝ መልስ ለጠቅላላ ለከፈልኩት 1,000 ብር ብቻውን ይበቃል። በየቀኑ ስትነሳ ያለቀለት ነገር ነው የምትከፍተው። ከሪሴት በኋላ የመጀመሪያው አነሳስ ግን የተለየ ነው። አፕሊኬሽኖቹን ከዜሮ ታሰናዳለች፣ ፕሮሰሰሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፣ በላዩ ላይ ዋይፋዩ ይነሳል። ብዙ ኤሌክትሪክ የምትስበው ያኔ ነው። የደከመ አዳፕተር የየቀኑን ይችላል፣ ይሄንን አይችልም። ሥራዋን ሳትጨርስ ስለምትጠፋ ደግሞ በተነሳች ቁጥር ያንኑ ከባድ ሥራ ልትጨርስ ትሞክራለች። ሰው ሁሉ "ሪሴቱ ገደላት" የሚለው ለዚህ ነው። ሪሴቱ የነበረውን ድካም አጋለጠ እንጂ አልገደላትም።

ይህን ያነበባችሁ፣ ቦክሳችሁን ከቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ ሰክታችሁ የምትጠቀሙ ካላችሁም ተመሳሳይ ነው። ተራው ዩኤስቢ በስታንዳርዱ የሚሰጠው 0.5 አምፔር ነው፣ ቀዳዳው ውስጥ ሰማያዊ የሆነው 0.9። 2 አምፔር የምትፈልግ ቦክስ በዚያ ከተነሳችላችሁ ዕድለኛ ናችሁ።

የእኔ ቤት ደግሞ የራሱ ጉድ አለው። ቦክሷም፣ ሁለቱ ካስኮችም፣ ፔስትራውም አንድ ዲቫይደር ላይ ነበሩ። ካስኮቹ እኩል ሲበሩ አምፖሌ ደብዘዝ ይላል፣ ለምደነዋል። ደህና አዳፕተር ይህንን አይቆጥረውም፤ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል የተጻፈበት የምሩን ከሆነ ይችለዋል። ያበጠው ግን እንኳን ይህ ተጨምሮበት። "ካስኩን ከእሷ ለዩት ማዘር" አለኝ። ለይቻለሁ።

አዲስ አዳፕተር ሰካላት። መለኪያዋ 5.1 ላይ ቆመች፣ ንቅንቅ የለም። ቦክሷ ግን ጽሑፉ ላይ ቀርታ ቀረች። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እሱ ወንበር ላይ ያለውን ሪሞት አነሳና ቦታውን ለቀቀልኝ። "10 ደቂቃ እንስጣት" አለ። ከሪሴት በኋላ የመጀመሪያው አነሳስ ይቆያል፤ ብዙ ሰው በሁለተኛው ደቂቃ ተናዶ ይነቅላትና ነገሩን ያባብሰዋል። ጠበቅናት። ጠፍታ እንደገና ከሎጎው ጀመረች። ስለዚህ ሁለተኛ ችግር አለ ማለት ነው፤ ያን ሁሉ ጊዜ እየተቋረጠ በግማሽ የተጻፈ ነገር ውስጧ ቀርቷል።

ከዚያ ስቴኪኒ አወጣ። አዎ፣ የጥርስ። ከቦክሷ ጀርባ ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመድ የሚቀበል አንድ ክብ ቀዳዳ አለ፣ ኤቪ የተጻፈበት። ብዙዎቹ ቦክሶች ላይ የሪሴት ቁልፏ እዚያ ቀዳዳ መጨረሻ ላይ ተደብቃለች። ስቴኪኒውን ቀስ አድርጎ አስገባ፣ ጠቅ የሚል ስሜት አለው፣ እሷን ተጭኖ እንደያዘ መብራቱን ሰካ። ሎጎው ሲመጣም ትንሽ ቆይቶ ነው የለቀቀው። ጥቁር ስክሪን ላይ በእንግሊዝኛ ዝርዝር መጣ። ሪሞቱ እዚያ ላይ አልሠራም፣ የኮምፒውተር ኪቦርድ ሰካባት። መጀመሪያ ዋይፕ ዴታ (ዳታውን ማጥፊያ)፣ ቀጥሎ ዋይፕ ካሽ (ጊዜያዊ ፋይሎቹን ማጥፊያ)፣ ከዚያ ሪቡት (እንደገና ማስነሻ)።

"ያው ሪሴት አይደል?" አልኩት። ያው ነው። ልዩነቱ ግን በሴቲንግ በኩል ያደረግነው በሚዋዥቅ መብራት ነበር፣ ይሄ በሚረጋ መብራት ነው። ሁለቱም የሚያጠፉት የተጠቃሚውን ክፍልና ካሹን ብቻ ነው። ዋናውን ሲስተም አይነኩም። ሲስተሙ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ ሪሴት ቢደጋገም ዋጋ የለውም፤ ያኔ ሶፍትዌር በኮምፒውተር እንደ አዲስ ይጫናል። ለዚያም ሁለት ጫፉ አንድ ዓይነት የሆነ የዩኤስቢ ገመድና ለቦርዱ የሚሆን ትክክለኛ ፋይል ያስፈልጋል። ለካርቶኑ አላልኩም፣ ለቦርዱ። ካርቶናቸው አንድ ሆኖ ቦርዳቸው የሚለያይ አሉ። ፋይሉ ከተሳሳተ ዋይፋዩ ይሞታል፣ ወይም ጭራሽ አትነሳም።

በዚህ መሃል የቋንቋ መምረጫው መጣ። እልልታ ልለቅ ነበር።

"ለማንኛውም ሶፍትዌሩንም ጫንላት" ስለው እንቢ አለ። "የሚሠራ ነገር ምን ልሁን ብዬ እነካለሁ?" ገንዘቡን ሊያገኝበት ይችል ነበር። የጥገና ቤቱ 4 ኮከብ ግማሹ ከዚህ የመጣ ነው። ከርካሹ ይጀምራል፣ ይጠብቃል፣ ሲበቃ ይተዋል።

ሒሳቡ አዳፕተሩ 600፣ የእጁ 400 ብር። በቴሌብር ከፈልኩ። አዳፕተሩን ሲሰጠኝ በማርከር "5ቮ ብቻ" ብሎ ጻፈበት። ምክንያቱም የዋይፋይ ራውተር አዳፕተር ብዙውን ጊዜ 12 ቮልት ነው፣ ጫፉ ደግሞ ቦክሷ ላይ ልክክ ይላል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ገመዶቹን በጨለማ ያቀያየረ ሰው ቦርዱን ሊያቃጥል ይችላል፤ በዚህ የመጡ ቦክሶች በካርቶን ሞልተው አሳይቶኛል።

አንዷ ኮከብ ለምን ቀረች? ደረጃው ጨለማ ነው። ስልክ አያነሳም። ደረሰኝ ስጠይቀው ብጣሽ ወረቀት ላይ ቁጥር ጻፈልኝ፤ ለሒሳብ ሠራተኛዬ ይህን ሳሳያት የሰጠችኝን ፊት አልነግራችሁም። ከፍቶ ሲገጥማት ደግሞ አንዷን የጎማ እግሯን ጥሎብኛል። አሁን ዘንበል ብላ ነው የተቀመጠችው።

የቦክሷ 2 ኮከብ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ካርቶኗ 4 ጊጋ ራም ይላል። ልጁ ውስጧን የሚያነብ አፕ ጭኖ አሳየኝ፤ 1 ጊጋ ናት። እየተንቀራፈፈች የመጣችው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። የሰዓት ባትሪ የላትም፤ ተነቅላ ስትሰካ ራሷን በፈረንጆቹ 2015 ላይ ታገኘዋለች፣ ኢንተርኔት ገብቶ ሰዓቷን እስኪያስተካክልላት ዩቲዩብ አይከፍትም። ለነገሩ ጉግል ለቴሌቪዥን ብሎ ያዘጋጀው ሲስተም አይደለም ያላት፣ የስልኩን ነው የለጠፉባት።

የባሰውም አለ። ርካሽ ስም የለሽ ቦክሶች ከፋብሪካ ሲወጡ ጀምሮ ቫይረስ የተጫነባቸው እንዳሉ የአሜሪካው ኤፍቢአይ በፈረንጆቹ 2025 ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ ባድቦክስ 2.0 ይሉታል። ሲስተሙ ውስጥ ስለሚቀመጥ ሪሴት አያወጣውም። የእኔዋ ትኑርበት አትኑርበት ልጁም አላወቀም። እኔ ግን የግል ጂሜሌን አውጥቼ ለእሷ ብቻ የሚሆን ሌላ አካውንት ከፈትኩላት። ባንክም ሆነ ቴሌብር ያለበት ስልክ የሚጠቀምበትን አካውንት እዚህ ዓይነት ቦክስ ላይ አታስገቡ።

የምትሄዱ ከሆነ አዳፕተሩንና ሪሞቱን ሳትይዙ አትሂዱ፣ ቦክሷን ብቻ ካመጣችሁ ይመልሳችኋል። ጠዋት 3 ሰዓት ይከፍታል ይባላል፣ 4 ሰዓት በሉት። ቅዳሜ ከሰዓት የለም። ደረሰኝ የምትፈልጉ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፣ ከታች ካለው ሱቅ ያስቆርጥላችኋል፤ ይህን የሰማሁት ከከፈልኩ በኋላ ነው።