ክቡ ሳንደር ወይስ አራት ማዕዘኑ? ሂሳቡን ከወረቀቱ ጀምሩ

የእንጨት ሥራ የጀመረ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ ክቡን ሳንደር (እንጨትን በብርጭቆ ወረቀት አሽቶ የሚያለሰልሰውን ማሽን) ልግዛ ወይስ አራት ማዕዘኑን? ክቡን ግዙ፤ የፊቱ ስፋት 125 ሚሊሜትር የሆነውን።

አራት ማዕዘኑ እርግጥ በዋጋ ይረክሳል። አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወረቀት ለአራት ተቆርጦ ስለሚገባለት ወረቀቱም ብዙ አያስወጣም። ብዙ ሰው ሂሳቡን እዚህ ላይ ዘግቶ ይገዛዋል። ማሽኑ ግን ወረቀቱን ያንቀጠቅጠዋል እንጂ አያዞረውም፤ ክቡ ቶሎ የሚያጠፋውን የመላጊያ ምልክት እሱ ሲያሽ ይውላል። መያዣው ሲላላ ደግሞ ወረቀቱ ገና ሳይበላ ከጠርዙ ይቀደዳል። የሚበልጠው የመሳቢያ ውስጥ ጥግ ላይ ብቻ ነው፤ ለዚያ ደግሞ ወረቀት የተጠቀለለበት ቁራጭ እንጨት ይበቃል።

ክቡን ስትገዙ ከሞተሩ ጉልበት በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ መለዋወጫ ፓድ ይገኝለታል? ፓድ የምለው ዲስኩ፣ ማለትም ክቡ ብርጭቆ ወረቀት፣ የሚለጠፍበትን ቬልክሮ ያለውን ጎማ ነው። ማሽኑን ተጭኖ የሚሠራ ሰው ቬልክሮውን በሙቀት ያቀልጠዋል፤ ከዚያ ዲስኩ በሥራ መሃል ተፈናጥሮ ይሄዳል። ፓድ የማይገኝለት ርካሽ ማሽን ያን ቀን አበቃለት። ሌላው ፓዱን የሚገታው የጎማ ቀለበት ነው። ማሽኑን ከእንጨቱ አንስታችሁ አስነሱት፤ ፓዱ እየጮኸ ፍጥነት ከጨመረ ቀለበቱ አልቋል፣ እንጨቱን ሲነካ የጨረቃ ቅርጽ ያለው ጉድጓድ ይቆፍራል። የቀለበቱ ዋጋ ከማሽኑ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ለእሱ ብሎ ማሽን መጣል ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ተመሳስሎ የተሠራ ዲስክ ነው። ሻጩ «ያው ነው» ብሎ የሰጠኝ ፓኬት አንድ ሙሉ የጠረጴዛ ፊት አበላሽቶብኛል። ዲስኩን እጠፉትና በአውራ ጣት እሹት፤ አሸዋው ከረገፈ አትግዙት። የረገፈ የ80 ቁጥር ፍሬ በ180 ሥር ገብቶ (ቁጥሩ ሲበልጥ አሸዋው ይደቅቃል) ጥምዝምዝ ጭረት ይተዋል። ጭረቱም ጎልቶ የሚወጣው ቀለም ከተቀባ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ሥራው ከ120 እንደገና ይጀመራል።

ጥሩ ዲስክ እንዲበረክት ቀዳዳዎቹን ከፓዱ ቀዳዳ ጋር አግጥሙ፤ ከተቻለ ቫኪዩም ቀጥሉለት። ማሽኑን ለሥራ ስታስነሱት እንጨቱ ላይ አስቀምጡት፣ አትጫኑት፣ በሰከንድ 2.5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ግፉት። በ80፣ በ120፣ በ180 ከመጀመራችሁ በፊት ፊቱን በእርሳስ ጫር ጫር አድርጉት፤ እርሳሱ ሁሉ ሲጠፋ ብናኙን ጠርጋችሁ ወደሚቀጥለው እለፉ።

150 ሚሊሜትሩ ሰፋፊ ጠረጴዛ ለሚሠራ ነው፤ ይከብዳል፣ ዲስኩም ይወደዳል። ለመጀመሪያ ማሽን ትንሹን ወስዳችሁ የተረፈውን ገንዘብ በመለዋወጫ ፓድና በ120 ዲስክ ላይ አውሉት።